የሊሳንድሮ አንድ ጣት

ባሌ ሊሳንድሮ ሃምሳ አንድ ዓመት ሲጋር ጠቅልሏል። ከዚያ ሁሉ የእጅ ሥራ በመጨረሻ የቀረችለት አንዲት ጣት ናት፤ የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት። እሷም ብትሆን ዝንብ ለማባረር አቅም አልነበራትም። ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ትወርዳለች፣ በቃ። በዚያች ጣት ምን እንዳለን ልንገራችሁ፤ ልጆቼ፣ ቀስ ብዬ ስለሆነ የምነግራችሁ ታገሡኝ።

እኔ ዶሚቲላ ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት በጆሮዬ ነው። እዚህ ካባይጓን ከተማ፣ በትምባሆ ፋብሪካችን ጋለራ በሚባለው የሥራ አዳራሽ ውስጥ፣ ሲጋር ጠቅላዮቹ በረድፍ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው ሲሠሩ ከፍ ካለው ወንበር ላይ አንድ አንባቢ ያነብላቸዋል። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ ልብ ወለድ። እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት የቅጠል ጅማት ስነቅል አብሬ ሰምቻለሁ። አይቼው በማላውቀው በረዶ ውስጥ ጠፍቻለሁ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ቀብሬ አልቅሻለሁ። አንባቢው የሠራተኛው ነው፤ ሠራተኛው ሰምቶ በድምፁ ይመርጠዋል፣ ካልወደደውም ያወርደዋል።

ንባቡ ሲጥመን በእጃችን አናጨበጭብም። ቅጠል የምንቆርጥባት ቻቬታ አለች፤ እጀታ የሌላት፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠች ስለት። እሷን በጠፍጣፋ ጎኗ ጣውላችን ላይ እንመታለን። ስልሳ ቻቬታ አንድ ላይ ሲመታ ቆርቆሮ ላይ ዶፍ የወረደ ይመስላል። ካልጣመን ደግሞ ቻቬታዋን መሬት ላይ እንጥላታለን። ከዚህ የከፋ ስድብ በእኛ ዘንድ የለም። እኔ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሁለተኛው በሊሳንድሮ እጅ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር። የቀድሞው አንባቢ ጡረታ ወጥቶ ኒውርካ የምትባል ሴት ለሙከራ ገባች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፤ አስተማሪ ነበረች። ሦስት ቀን ታነባለች፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ያን ጊዜ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፤ ቤታችን ግን ከፋብሪካው ሁለት መንገድ ብቻ ስለሚርቅ የአንባቢው ድምፅ በማጉያው መስኮታችን ድረስ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ልብስ እያጠብኩ እሰማታለሁ። ድምፅዋ ደግ ነበር፤ አትጮህም፣ አትጣደፍም። አንዲት መበለት የባሏን ደብዳቤ ስትከፍት የሚለውን እያነበበች ሳለ አንድ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ዝም። ከዚያ ሌላ ብረት። ከዚያ ብዙ። ኒውርካ በዓረፍተ ነገሩ መሃል አቆመች። መጽሐፉ ሲዘጋ እንኳ በማጉያው ተሰማኝ።

ብዙም ሳይቆይ ልጆች እየሮጡ መጥተው ሊሳንድሮ ወደቀ አሉኝ።

ስትሮክ ነው አሉ። ከአንገቱ በታችም ከአንገቱ በላይም ያዘው። ሰዉ የተናገረውን ልንገራችሁ ስል አሁንም ያሳፍረኛል። የመጀመሪያዋን ቻቬታ የጣለው ሊሳንድሮ ነበር፤ የፊተኛው ረድፍ ትልቅ ሰው እሱ ስለነበር ሌሎቹ እሱን አይተው ጣሉ። ከዚያ ወዲያው ሲወድቅ ወሬው ተያያዘ፤ «ንባቧ አንጀቱን አቃጥሎት ነው፣ ንዴቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንት ድምፅ ሲሰጥ ለኒውርካ የቆሙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህ ሁሉ ወሬ በሊሳንድሮ አልጋ ዙሪያ፣ በሊሳንድሮ ጆሮ ላይ ነው የተወራው። እኔም አውርቻለሁ። አልዋሽም።

የሰፈራችን ሐኪም ግን አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «እማማ፣ ሰውየው ሁሉን ይሰማል፤ ሁሉም ይገባዋል። ዓይኑን ወደ ላይ ካነሣ አዎ ነው፤ ወደ ታች ካወረደ አይደለም ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠየቅሁት። ጠማህ? አይደለም። አመመህ? አይደለም። ሃቫና ያለው ልጃችን ናፈቀህ? አዎ፤ ግን ደግሞ ዓይኑ እኔ ላይ ይቀራል፣ ሌላ ነገር አለ ይለኛል። ቄስ ልጥራ? አይደለም። ልጆቼ፣ አዎ እና አይደለም የሚጠቅሙት ለተጠየቀ ነገር ነው። ያልተጠየቀው ውስጥ ቀርቶ ሰውን ይበላል። ከሰዓት በኋላ የንባቡ ድምፅ በመስኮት ሲገባ እንባው ይወርዳል። እኔም ሥራው ናፍቆት ነው ብዬ መስኮቱን መዝጋት ጀመርኩ። ስዘጋውም ያለቅሳል።

ከወደቀ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው፣ መስከረም ላይ፣ ማላንጋ ከሚባለው ሥራ ሥር የምሠራለትን ሾርባ መዋጥ ተወ። ሐኪሙ ወደ በረንዳው ጠራኝና «በዚህ ከቀጠለ የገናን ቀን አያይም» አለኝ። ያን ጊዜ የፈራሁት ሞቱን ብቻ አልነበረም። ሊነግረኝ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ሳይነግረኝ ሊሄድ ነው። ይህንን ነው የፈራሁት።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረ፤ «በኮምፒውተር ክበቡ አንዲት ሴት አለች ይሉኛል፤ የማይንቀሳቀስ ሰው በኮምፒውተር እንዲጽፍ ማድረግ ትችላለች።»

ሄድኩ። በሩን ስከፍት ከጠረጴዛው ኋላ መበየጃ ይዛ የተቀመጠችው ኒውርካ ናት።

«እማማ ዶሚቲላ» አለች፤ ተነሣች።

«አንቺ መሆንሽን ባውቅ አልመጣም ነበር።»

«አውቃለሁ። ግን መጥተዋል። ይቀመጡ፣ ወንበሩ አይናከስም።»

ተቀመጥኩ። የማየው ስላጣሁ እጄን አየሁ።

«ምን ቀረለት?» አለችኝ።

«አንድ ጣት።»

«በየቀኑ ትንቀሳቀሳለች?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲህ ትበቃለች» አለች። ከዚያ መበየጃዋን አስቀመጠች፤ «ለእሱ ብዬ አይደለም የምመጣው። ይህን ይወቁልኝ። ጣት ይዞ ዝም ማለት ለማንም አይገባም፤ ለዚያ ነው።»

ያሳየችኝ ነገር ከክብሪት ቀፎ ያነሰች አረንጓዴ ነገር ናት። ስሟን ማይክሮኮንትሮለር አለችኝ፤ ምላሴ እንቢ ሲል ጊዜ «ቁንጫ ይበሏት» አለች፤ በቃ ቁንጫ ሆና ቀረች።

«ይህቺን በሽቦ ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካት» አለች ኒውርካ፣ «ኮምፒውተሩ ማነሽ ይላታል። ኪቦርድ ነኝ ትለዋለች። ሌላስ? ማውስም ነኝ ትለዋለች። ያምናታል።»

«ትዋሸዋለች?»

«ዓይኗን ሳታሽ።»

«ኮምፒውተር የሚሉት እንግዲህ ከባል የባሰ ሞኝ ነው» አልኳት። ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስክሪኑ ላይ ፊደላት በሣጥን በሣጥን ተደርድረው ይታያሉ። ቁንጫዋ ማውስ ነኝ ብላለችና ቀስቷን ራሷ ትነዳለች፤ ረድፍ በረድፍ ከላይ ወደ ታች። ሊሳንድሮ ጣቱን አንዴ ነካ ሲያደርግ ረድፉ ይያዛል፤ ቀስቷ ወደ ጎን ትሄዳለች፤ እንደገና ሲነካ ፊደሉ ይያዛል፣ ቁንጫዋም በኪቦርድነቷ ትጽፈዋለች። ከዚያ ቀስቷ ወደ መጀመሪያው ሣጥን፣ አ ወዳለበት ትመለሳለች። ከታች ጥግ ላይ ነጥብ አለች፤ ሐሳቡን ሲጨርስ እሷን ይነካል። ጣቱን የምትሰማለት ከአሮጌ ስልክ ውስጥ የወጣች ስስ የነሐስ ቅጠል ናት፤ ከጣውላ ሥር ትለጠፋለች፣ የጣውላውን ንዝረት ለቁንጫዋ ትነግራታለች።

«ጣውላ ያስፈልገኛል» አለች።

«የእሱ አለ።»

ጣውላውን ከጋለራ ተሸክሞ ያመጣው ፋውስቶ ነው፤ ከሊሳንድሮ ጎን አርባ ዓመት የተቀመጠ ጠቅላይ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው። ጣውላው መሃሉ በቻቬታ ብዛት እንደ ሳህን ጎድጉዷል። በሊሳንድሮ ቀኝ እጅ ሥር ስናደርግለት ጣቱ ጉድጓዱን አገኘችውና እዚያው አረፈች። ከስንት ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።

ኒውርካ ሽቦዋን ይዛ ከበሩ ስትገባ ግን ዓይኑ ተበለጠጠ፣ እንባው ፈሰሰ፣ ጣቱ ጣውላውን ደጋግማ ነካካች።

«አየሽ?» አለኝ ፋውስቶ፣ እሷ እየሰማችው። «ዛሬም አይወዳትም! አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ልጅቷ እኮ ልትረዳህ ነው የመጣችው።»

ኒውርካ ተንበርክካ የነሐሱን ቅጠል ከጣውላው ሥር ለጠፈች። ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ቆዳ ሲቀላ አየሁ።

አምስት ቀን ተመላልሳ አለማመደችው። መብራት ሲሄድ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ሲመጣ ትቀጥላለች። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አታነሣም። «ጋሽ ሊሳንድሮ፣ ረድፉን ይያዙ። ጎሽ። አሁን ፊደሉን። አመለጠዎት፣ ግድ የለም፣ ቀስቷ ትመለሳለች» ብቻ ነው የምትለው። አስተማሪ ናትና ትዕግሥቷ ሌላ ነው። ለልምምድ የነካቸውን ፊደላት ሁሉ እያጠፋች፣ የመጀመሪያ ቃሉን ለሚጽፍበት ለእሁድ ነጭ ገጽ አስቀመጠችለት።

እሁድ ፋውስቶ አምስት ጠቅላዮች አስከትሎ መጣ። የእኛ ጠቅላይ ቻቬታውን ፋብሪካ ትቶ አይወጣም፤ ሁሉም በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። ክፍሉ የትምባሆ ሽታ ሸተተ።

«ሊሳንድሮ» አለ ፋውስቶ፣ «መጀመሪያ የምትጽፈውን እኔ ልንገርህ፤ ፋውስቶ ከእኔ የተሻለ ይጠቀልላል በል። አርባ ዓመት የጠበቅሁት ነው።»

«እሱን ከሚጽፍ መልሶ ቢታመም ይመርጣል» አለ አንዱ። ሳቁ። የሊሳንድሮ ዓይን ግን ስክሪኑ ላይ ነው፤ ላቡ ግንባሩ ላይ።

ቀስቷ ወረደች። ነካ። ወደ ጎን ሄደች። ነካ። አንድ ፊደል። እንደገና ወረደች። ሁለተኛ ፊደል።

«አይ» ይላል።

«ጻፈ! ሊሳንድሮ ጻፈ!» ብሎ ፋውስቶ ቻቬታውን ከኪሱ መዠረጠ፤ ከደስታው ብዛት የሊሳንድሮን የራሱን ጣውላ መታ። ሌሎቹም እንደ ልማዳቸው ተከተሉት። ለወንድማቸው ክብር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ክብር አያውቁም። ጣውላው ግን ጆሮ ነበረው። ቁንጫዋ ያንን ሁሉ ምት የሊሳንድሮ ጣት መሰላት፤ አ፣ አ፣ አ፣ አ እያለ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ። ኒውርካ «ተዉ! ተዉ!» እያለች እጇን ጣውላው ላይ ብትጥልም አልሰሟትም። የነሐሱ ቅጠል ተላቀቀ፣ ስክሪኑም ደርቆ ቀረ።

ዝም ሲሉ ሊሳንድሮ ዓይኑን ጨፍኗል።

ፋውስቶ ቻቬታውን ይዞ እንደ ሕፃን ቆመ። «ምን አደረግን?» አለ።

ኒውርካ ሽቦዋን መጠቅለል ጀመረች። «ምንም አላደረጋችሁም። የሚለውን ብሏል።»

«ምን አለ?» አልኳት።

«አይ አለ፣ እማማ። ዓመት ከመንፈቅ ጠብቆ መጀመሪያ ያገኛት ቃል አይ ናት። ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ለማን ሊሆን ይችላል?» ቁንጫዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ጣውላውን ብቻ ተወችልን።

ሦስት ቀን ሊሳንድሮ አፉን ለሾርባ አልከፈተም። እኔም ተናድጄበት ነበር፤ እውነቱን ልናገር። የሞተ ሰው ያህል ዝም ብሎ ኖሮ፣ አንደበት ሲሰጠው ሴቲቱን ዳግመኛ ያዋርዳታል? በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እየነካሁለት ከመንገዱ የንባቡ ድምፅ መጣ። መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁ። ያን ጊዜ የነበረው አንባቢ ጥሩ አልነበረም፤ ድምፁን የትም ቦታ ይጥላል፣ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ ስትሉ ይቀጥላል። እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ አንድ ነገር ልቤን መታኝ።

አንባቢ ነጥብ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ነጥብን በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው የማውቃት። ሊሳንድሮ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ሲጨርስ ነጥቧን እንዲነካ ተምሯል። «አይ» ሲል ነጥብ አላደረገም።

ወደ አልጋው ተመለስኩ። «ሊሳንድሮ፣ እሁድ ዕለት ጨርሰህ ነበር?»

ዓይኑ ወደ ታች።

«ኒውርካን ልጥራት?»

ዓይኑን ወደ ላይ አነሣ። ነጩ ብቻ እስኪቀር አነሣው፤ አላወረደውም።

በነጠላ ጫማዬ ነው የሮጥኩት። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ክበቡ በር ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጥቼ ግድግዳ ያዝኩ።

«ምነው? ሞተ?» አለች ኒውርካ ደንግጣ።

«አንቺ አንባቢ ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

«አልሆንኩም፤ ያውቃሉ።»

«በዓረፍተ ነገር መሃል መጽሐፍ ዘግቶ የሚሄድ አንባቢ አለ?»

ቀስ ብላ፣ «አንድ ቀን ዘግቻለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።»

«ይኸውና ዳግመኛ ዘጋሽ። ነጥብ አላደረገም እኮ፣ ልጄ! ዓረፍተ ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። ስድብም ከሆነ ሰምተሽው ትሄጃለሽ።»

መጣች። በዚህ ጊዜ የነሐሱን ቅጠል በወፍራም ጨርቅ ላይ አድርጋ ለጠፈችው። ለቁንጫዋም አዲስ ትእዛዝ ሰጠቻት፤ «ከዚህ ጣት የበረታ ምት ከመጣ አልሰማሁም በይ አልኳት» አለችኝ። ሌላ ሰው አልጠራንም። እኔ፣ እሷ፣ እሱ። እሷ ፊደል በፊደል ድምፅዋን አውጥታ ትጠራለች፣ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጸልያለሁ።

«አይ» መጣ። ከዚያ ጥቂት ፊደላት እንደመጡ መብራት ሄደ። ለአራት ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅን። ሊሳንድሮ ዓይኑን አልከደነም፤ ጣቱም ጉድጓዱ ውስጥ ተዘጋጅታ ጠበቀች። መብራቱ ሲመለስ ኒውርካ ለብ ያለ ውሃ ከንፈሩ ላይ አደረገችለትና ቀጠሉ። ሲጨርስ በስክሪኑ ላይ ያለው ይህ ነበር፤

«አይ አልጣልኳትም። ወደቀችብኝ። እጄ ሞቶ ነበር። አንብቢ።»

በእያንዳንዱ ላይ ነጥብ አለ። አራት ነጥብ።

ልጆቼ፣ ሊሳንድሮ ግራኝ ነበር። ቻቬታውን የሚይዘው በግራ እጁ ነው። ስትሮኩ መጀመሪያ የያዘው ግራ እጁን መሆኑን ሐኪሙ ያን ጊዜውኑ ነግሮን ነበር። እኛ ሁላችን፣ እኔም ጭምር፣ ቁጣው በሽታውን አመጣ አልን እንጂ በሽታው ቻቬታዋን ከእጁ አወረደ ለማለት አንድ ሰው አልተገኘም። በእኛ ቤት ቻቬታ አይወድቅም፤ ይጣላል። እንዲህ ነው የለመድነው። እሱ ደግሞ አንደበቱ ታስሮ፣ ከእሱ ቀጥሎ የሌሎቹ ብረት ሲረግፍ ሰማ፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ሰማ፤ ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ በራሱ አልጋ ላይ ወሬውን ሰማ። በመስኮቱ ሌላ አንባቢ በመጣ ቁጥር ያለቀሰው ለሥራው አልነበረም።

ኒውርካ አራቱን ዓረፍተ ነገሮች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበቻቸው። በነጥቦቹ ላይ ድምፅዋ ወረደ። ያ በመጋቢት በመስኮቴ የሰማሁት ደግ ድምፅ ነው። ከዚያ ግንባሯን ጣውላው ጠርዝ ላይ አስደግፋ ቆየች። የሊሳንድሮ ጣት ፀጉሯ አጠገብ ነበረች፤ ልትነካት ትንሽ ቀርቷት ነበር፣ አልደረሰችም።

ያን ዕለት ማታ ሾርባውን ዋጠ። አምስት ማንኪያ።

ፋውስቶን በማግሥቱ ጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አነበበ። ወትሮ ቀልድ የማይጠፋበት ሰው ቆቡን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድም ዓለም» አለው፣ «የአንተ ወደቀች። የእኔን ግን እኔ ነኝ የጣልኳት። ንባቧ እኮ ጥሞኝ ነበር። አንተን አይቼ ነው።»

ሊሳንድሮ አየው። ወደ ላይም ወደ ታችም አላለም።

ፋውስቶ ከዚያው ወደ ጋለራው ሄዶ የፊተኛው ረድፍ ፊት ቆሞ ያንኑ ቃል ደገመው። ከባድ ነበር ይላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቻቬታ ያይ ነበር ይላሉ። ጠቅላዮቹ በዚያ አንባቢ ፋንታ እንድታነብ ሊጋብዟት ወደ ክበቡ ሲመጡ ኒውርካ ከበሩ አላስገባቻቸውም።

«በሐዘኔታ አልቀመጥም» አለቻቸው። «እንደ ማንም ሰው ሦስት ቀን አነባለሁ። ካልጣማችሁ ጣሉ። ብቻ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ጣሉ።»

ኅዳር ላይ አነበበች። ያንን መጽሐፍ ይዛ፣ ያቺ መበለት ደብዳቤውን ስትከፍት ከተዘጋበት ዓረፍተ ነገር መሃል ጀመረች። እኔ የመስኮቱን ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ የሊሳንድሮን አልጋ ወደዚያ አዞርኩት። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፣ ጣቱ ጣውላው ላይ ናት፤ ምናልባት የሚለው ቢኖር ብዬ ነው። በሦስቱም ቀን እሷ ስታነብ ምንም አልጻፈም። ሰማ ብቻ። የሠራተኞቹ ኮሚቴ ድምፅ ሲቆጥር ከስልሳው አርባ ሦስት ለእሷ ሆነ፤ ለሌሎቹ አስራ ሰባት ክፉ አልልም፣ ንባብ ሁሉን አያስደስትም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከድምፅ ቆጠራው በፊት፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ። ነጥብ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝምታ ሆነ። ከዚያ ዶፉ ወረደ። ከሁለት መንገድ ወዲያ፣ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ወደ ሊሳንድሮ ዞር ስል ጣቱ ከፍ ትላለች፣ ትወርዳለች፤ ከፍ ትላለች፣ ትወርዳለች። ጊዜ አትጠብቅም፣ ቀስቷን አታይም። ጋለራው ዝም ካለ በኋላም ትንሽ ቀጠለች።

ከዚያ በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አረፈ። ፊቱን እኔ አጠብኩት።

ኒውርካ ከቀብሩ በኋላ ቁንጫዋን ልትወስድ መጣች። ጓዮስ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንዲት ልጅ እግር እናት በዚያው ዓይነት በሽታ ተኝታለች፤ ነገ ትጠብቀኛለች አለችኝ። ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ያ ገጽ ገና አልተዘጋም። አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ከላይ አሉ። ከሥራቸው አ አ አ አ አ አ ተደርድሯል፣ ሁለት ረድፍ ሞልቶ ሦስተኛውን ጀምሯል። ኮምፒውተሩ ያንን ሁሉ የጻፈው ኪቦርድ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያምናል።

«ይህን ላጥፋው?» አለችኝ፤ እነ ፋውስቶ ያበላሹት ዓይነት መስሏት ነው። ከዚያ ለራሷ ገባት መሰለኝ፣ እጇን አነሣች።

«አታጥፊው» አልኳት። «ዶፉ የወረደ ቀን የመታው ነው። በወረቀት አውጪልኝ።»

ወረቀቱ ከጣውላው ጋር ግድግዳዬ ላይ ነው። መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻዋ አ ድረስ በጣቴ ተከትዬዋለሁ። ነጥብ ፈለግሁለት፤ አላደረገም።